አጥሩ ጥግ የነበረው ቀፎ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከጓሮ የትራንስፎርመር ድምፅ ሰማሁ። ጡረታ ብወጣም ጆሮዬ ገና ከሥራ አልተሰናበተም። ዕድሜዬን ሙሉ በየሰው ግቢ እየገባሁ የመብራት ቆጣሪ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ እምምም የሚል ድምፅ ከሰማሁ ነገር አለ ማለት ነው። ፎጣዬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ትራንስፎርመር አይደለም። ንብ ነው። ባለቤቴ የተከለችው ኮክ ላይ፣ ዝቅ ያለችው ቅርንጫፍ ላይ፣ እንደ ሞላ ዘንቢል ተንጠልጥሏል። ቅርንጫፏ ጎብጣለች። አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ።

ጎረቤቴ ነርሷ በአጥሩ አናት ብቅ ብላ "ጋሼ! ኧረ ይግቡ! በሩንም ይዝጉት!" ብላ ጮኸች። እዚህ ሰፈር ከገባን ጀምሮ ከእሷ ጋር እንደዚህ ብዙ ተነጋግረን አናውቅም።

ለባለቤቴ ደወልኩ። ልጃችን ስትወልድ ልታርሳት ሄዳ እዚያው ቆይታለች። እንደ ወትሮው ስልኩን ያነሳችው ልጄ ናት፤ እንደ ወትሮው "አባዬ፣ እማዬ ልጁን እያጠበች ነው" አለችኝ። መቼም እንደዚህ ልጅ የታጠበ ፍጡር የለም።

"ኮኩ ላይ ንብ ሰፍሯል በያት" አልኩ።

የእግር ኮቴ ሰማሁ።

"ምን ያህላል?" የባለቤቴ ድምፅ ነው። እንዴት ነህ የለ፣ ምን የለ።

"ዘንቢል ያህላል።"

"እንዳትነካው። ውሃ እረጫለሁ ብለህም እንዳትነሳ። ንብ አናቢ ፈልግ።" አባቷ ቀፎ ነበራቸው፤ ንብ መሀል ነው ያደገችው። ድምፅዋን ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ትንሽ ጎርነን ብሏል።


እሁድ፣ ግንቦት 3

ንብ አናቢው መጣ። ግዙፍ ሰው ነው። ንብ አይፈራም፤ የነርሷን ድመት ግን ፈርቶ በር ላይ ቆሞ "ትናከሳለች?" ብሎ ጠየቀኝ።

የእንጨት ቀፎ ከቅርንጫፏ ሥር አስቀመጠና ቅርንጫፏን አንድ ጊዜ ነቀነቃት። ንቡ ዱብ አለ። "አውራዋ ከገባች ሌላው ይከተላል" አለኝ። እውነቱን ነው። ሲመሽ የቀሩት እንደ ሠርገኛ ተሰልፈው በእግራቸው ገቡ።

ይዞት ሊሄድ ነበር የመጣው። ቀፎውን ግዛኝ ልበለው፣ አከራየኝ ልበለው ሳላውቅ "እዚሁ ይቅር" አልኩት።

"ንብ ይዘው ያውቃሉ ጋሼ?"

"ባለቤቴ ታውቃለች።"

"የት አሉ ታዲያ?"

"ትመጣለች" አልኩት።

ቀፎውን አጥሩ ጥግ፣ ኮኩ ሥር፣ ጡብ ደርድሮ አስቀመጠልኝ። ሊወጣ ሲል ጣቱን ቀስሮ "አንድ ነገር ብቻ፣ ከዚህ እንዳያንቀሳቅሱት። ማንቀሳቀስ ካስፈለገ እኔን ይጥሩኝ" አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ሰው በገዛ ግቢዬ ሲያዘኝ ደስ አይለኝም።

ማታ ደወልኩላት። ወዲያው አነሳችው።

"የት አደረግከው?"

"አጥሩ ጥግ።"

"የጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል?"

"ያገኘዋል።"

"ጥሩ።" ልትዘጋው ነው። ቸኩዬ "ነገ ምን እንደሚያደርጉ አይቼ እነግርሻለሁ" አልኳት። "እሺ" አለች።

እሺ አለች!


ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ወንበር አውጥቼ ቀፎው አጠገብ ነው የምውለው። ከቴሌቪዥን ይሻላል። እግራቸው ላይ ቢጫ ነገር ለጥፈው ይገባሉ። ነገርኳት። "ቢጫው የደበዘዘ ነው የደመቀ?" አለችኝ። ተመልሼ ሄጄ አየሁ። የደመቀ ነው። ሌላ ነገር ስጀምር ግን፣ እንቅልፍ ስለ ማጣቴ፣ ስለ ወገቤ፣ "ልጁ ተነሳ" ብላ ዘጋችው። ስለ ንቦቹ ካልሆነ ስልኩ ላይ አትቆይም። ምን ችግር አለው። ንብ ሞልቶኛል።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ዛሬ ቤቱን ጠረግኩ። ትልቅ ነው ለአንድ ሰው። ማለቴ፣ እሷ እስክትመጣ።

ይሄን ቤት የገዛሁት ጡረታ ስወጣ ነው። የድሮው ቤታችን መንገድ ዳር ነበር፤ ጫጫታው፣ አቧራው፣ በር ላይ የሚኮለኮለው ጎረቤት አያስቀምጥም። ሳልነግራት ጨርሼ፣ አንድ ቀን ይዣት መጥቼ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። እንባዋ መጣ። ከዚያ ቀን በፊት እሷን በደስታ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም።

አንድ አመሏ ብቻ አልገባኝም። እዚህ ከገባን በኋላ ሽንኩርት ለመግዛት በአውቶቡስ የድሮው ሰፈር ድረስ ትሄድ ነበር። ሽንኩርት! መንገዱን ተሻግሮ ካለው ሱቅ ሞልቶ ተትረፍርፎ! ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ትመለሳለች። "ሽንኩርቱ ይለያል" ትለኛለች። ስንቱ ፊት አንስቼ አስቄባታለሁ። "የኔ ሚስት ሽንኩርት ከውጭ አገር ነው የምታስመጣው" እል ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል። እሷም ትስቅ ነበር መሰለኝ።

የስፌት መኪናዋ የነበረበትን ጥግ ስጠርግ መርፌ አገኘሁ። ወር ቆይቼ እመጣለሁ ብላ ስትሄድ መኪናዋን ይዛ ነው የሄደችው። ለልጁ ልትሰፋለት ነው። ልጁ አሁን ይድሃል፤ በዚህ ዕድሜ ልብስ ቶሎ ቶሎ ያጥራል።

መርፌውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩላት።


አርብ፣ ግንቦት 22

ነርሷ አጥሩ ላይ ነጭ ጋውኗን አንጠልጥላ ጠራችኝ። ቢጫ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። ንቦቹ ከቀፎ ወጥተው የሚፀዳዱት የእሷ የልብስ ገመድ ላይ ነው ለካ።

"ጋሼ፣ ይሄን ለብሼ በሽተኛ ፊት ልቁም?"

"ይታጠባላ" አልኳት።

"አጥቤው እኮ ነው የሰጣሁት! ሦስተኛዬ ነው።" ከዚያ ለስለስ ብላ "ሰውየውን ጠርተው ወደዚያ ፈቀቅ ቢያደርጉልኝ?" አለች። አስብበታለሁ ብዬ ገባሁ።

ከእራት በኋላ በግድግዳው በኩል ስልክ ስታወራ ይሰማኛል። ቤቶቻችን የሚጋሩት ግድግዳ ስስ ነው። "ኧረ አልጣላውም፣ ያሳዝነኛል... ብቻውን እኮ ነው... ጥላው ሄዳ፣ አዎ፣ ዕቃዋን ጠቅልላ... እሱ ግን ትመጣለች ነው የሚለው" ትላለች።

ስለ ማን እንደምታወራ እንጃ። ሆስፒታል የሚሠራ ሰው መቼም የማያውቀው ጉድ የለም።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

አነሳሁት። ከኩሽናው ጀርባ አደረግኩት። ሲመሽ፣ ሁሉም ከገቡ በኋላ፣ መግቢያቸውን በጨርቅ ወትፌ። በሁለት ክንዴ አቅፌ ስሸከመው ከውስጥ ሙቀቱ ደረቴ ድረስ ይሰማኛል። እንቅልፉን እንዳልጨረሰ ሕፃን ያጉረመርማሉ።

ሰውየውን አልጠራሁም። ከዚህ እዚያ ለማንሳት ሰው ይጠራል? ነርሷ ልብሷን ታስጣ፣ ንቦቹም ከነፋስ ይጠለሉ። ለባለቤቴም አልነገርኳት። ነገ ሁሉ ነገር ካማረ በኋላ ነግሬ አስደንቃታለሁ።


ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ወደ አጥሩ ጥግ ተመለሱ።

ጨርቁን ጠዋት እንዳነሳሁላቸው ወጡ፣ እንደ ሁልጊዜው ተበተኑ። ሲመለሱ ግን ወደ ኩሽናው አልመጡም። ባዶው ጡብ ላይ። ቀፎው የነበረበት ቦታ አየሩ ላይ ይዞራሉ፣ ያርፋሉ፣ ይነሳሉ፣ እንደገና ይዞራሉ። እየመጡ ይጨመራሉ። "እዚህ ነው! እዚህ ነው ቤታችሁ!" እያልኩ ቀፎውን ደበደብኩ። ነርሷ በመስኮት ታየኛለች።

ከሰዓት ዝናቡ መጣ። የዓመቱ የመጀመሪያ ትልቅ ዝናብ፤ ቀን ጠብቆ። ጡቡ ላይ ተጨባብጠው ተቀመጡ። በአካፋ አፍሼ ልወስዳቸው ሞከርኩ። አንዱ ዓይኔ ሥር ነደፈኝ፣ ሁለቱ እጄን። የወሰድኳቸውም ተመልሰው ይሄዳሉ። ጃንጥላ ይዤ ላያቸው ላይ ቆምኩ። እስኪጨልም።


ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ጠረግኳቸው። መጥረጊያው ሥር እንደ ደረቀ ቅጠል ይንኮሻኮሻሉ።

ንብ አናቢውን ደወልኩለት። ብዙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። "ጋሼ፣ ንብ እኮ የሚያውቀው ሣጥኑን አይደለም፣ ቦታውን ነው። ለቅሰም የሚወጣው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚመለሰው ወደ ለመደው ቦታ ነው። ራቅ አድርገው ካልወሰዱት፣ ጊዜ ካልሰጡት፣ አዲሱን ቦታ አይቀበልም። ለምን አልጠየቁኝም?"

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ሰውየው ሲያነሳው አይቼ እኔም ያነሳሁት መሰለኝ።

ልመልሰው ወይ አልኩት። "አሁንማ ይተዉአቸው። የቀሩትን ደግመው አያምሷቸው" አለኝ።


እሁድ፣ ሰኔ 8

"እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው" አልኳት። ያሉት ደህና ናቸው። አልዋሸሁም።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ቀፎው ባዶ ነው።

ጠዋት ድምፅ የለም። ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጠፍኩ። ክዳኑን ከፈትኩት። መዳፍ የሚያህሉ ጥቂት ነጫጭ ሰፈፎች፣ ጉንዳን፣ ሌላ ምንም። የቀሩት አውራዋን ይዘው ሄደዋል። ወዴት እንደሆነ እንኳ አላየሁም፤ ተኝቼ ነበር። ሰው እንኳ ሲሄድ ደህና ሁን ይላል። አንዳንዱ።

ማታ ስልኩ ጋ ተቀመጥኩ። እነግራታለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር ለራሴ። "ዛሬ ምን ይዘው ገቡ?" አለችኝ፣ ቀድማ፣ ድምፅዋ ፈካ ብሎ።

"ቢጫ" አልኳት። "የደመቀ።"


አርብ፣ ሰኔ 20

ዛሬ ሳቀች።

ንብ አናቢው ድመት መፍራቱን ነገርኳት፤ እስካሁን አስቀምጬው ነበር፣ ለክፉ ቀን። ሳቀች፣ ከልቧ። ከዚያ እሷም ልጁ ወንበር ይዞ መቆሙን ነገረችኝ፤ ሲወድቅ አያለቅስም፣ ወለሉን ነው የሚቆጣው አለችኝ። ይሄን ሁሉ ያወራነው መቼ ነው? አብረን ስንኖርም እንዲህ አናወራም ነበር።

ለንቦቹ ሥራ እየፈለግኩላቸው ነው። ትናንት ሰፈፉ ጎን ለጎን አምስት ደረሰ አልኳት። ዛሬ ደግሞ ነጭ ይዘው ገቡ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነበር፣ እዚህም እዚያም፤ በስልኩ ውስጥ የእሷ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። "ነጭ" አለች። "እሺ። ሌላስ?"

ስልኩ ሳይዘጋ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። "እማዬ፣ ለምን ዝም ትይዋለሽ?" ትላታለች። እሷ ደግሞ "ተዪው፣ ያውራ" አለች። ስለ ልጁ ይመስለኛል። አፍ ሊፈታ ነው መሰለኝ።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ነርሷ በአጥሩ አናት የሾርባ ሳህን አቀበለችኝ። ጋውኗ እንደ ወረቀት ነጭ ነው።

"ጋሼ፣ ንቦቹ የሉም አይደል? ለእኔ ብለው ነው?"

"ኧረ አሉ። ብርድ ስለሆነ ነው የማይወጡት።"

በሽተኛ እንደምታይ አየችኝ። "ካሉ ጥሩ" አለች። "ሳህኑን አይቸኩሉበት። ሲመቾት ያምጡልኝ።" ሾርባውን ቆሜ ጠጣሁት። ጨው አንሶታል። ሁሉንም ጠጣሁት።


ሰኞ፣ ሰኔ 30

ነገርኳት።

ደውዬ፣ "ዛሬስ?" ስትለኝ፣ "የሉም" አልኳት። "ንቦቹ የሉም።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ነጭ ይዘው ገቡ ስትለኝ። በዚያ ዝናብ? ዝናብ ላይ ንብ አይወጣም። የንብ አናቢ ልጅ መሆኔን ረሳኸው?"

ፊቴ ጋለ። ብቻዬን ክፍል ውስጥ ሆኜ ፊቴ ጋለ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ንብ ሲያልቅብህ ሌላ ነገር ታወራ ይሆናል ብዬ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

"ምን ሆኑ?" አለች በኋላ።

"አነሳኋቸው። ከአጥሩ ጥግ።"

"ጠይቀህ?"

"ሳልጠይቅ።"

ቀስ ብላ "ደህና እደር" ብላ ዘጋችው።

ይህን የማነበው እኔ ነኝና ለማን እደብቃለሁ። ቤቱ ባዶ ነው። ልታርስ ሄዳ አይደለም የቀረችው። ልጁ ሊሄድ ደርሷል። ብቻዬን ነኝ፣ ያስፈራኛልም። ግድግዳው ሳይቀር ያውቀው የነበረውን እኔ ዛሬ ሰማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

አልደወልኩም። ምን ብዬ? አልደወለችም። ዝናብ። ቀፎውን አጥቤ በረንዳ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ወንበሩን ከዝናብ ማስገባት ረስቼ እግሩ በስብሷል።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ጠዋት ተነስቼ አውቶቡስ ያዝኩ። ሽንኩርት አልቆብኝ ነበር። መንገዱን ተሻግሮ ሱቅ አለ፤ አውቃለሁ። እግሬ ግን ወደ ፌርማታው ሄደ።

የድሮው ሰፈር እንዳለ ነው። ጫጫታው፣ አቧራው ጭቃ ሆኖ፣ በር ላይ የተኮለኮለው ሰው። የድሮ ቤታችን በሩ ሰማያዊ ተቀብቷል። ባለሽንኩርቷ ገና ከሩቅ "ቆጣሪው መጣ!" ብላ ጮኸች። እዚያ ሰፈር ስሜ ይሄ ነው። ሰው ሰላም ሲለኝ ከዋልኩ ቆይቻለሁና ማንን ጨብጬ ማንን እንደምተው ግራ ገባኝ።

ሽንኩርት መዝኚልኝ አልኳት። እየመዘነች "እሷስ? ጠፋችብን እኮ" አለች። ልጃችን ጋ ናት አልኩ። ከጠረጴዛው ሥር ዝቅ ያለች ዱካ በእግሯ ገፋ አድርጋ አወጣችልኝ።

"ተቀመጥ፣ የእሷ ናት። ከዚህ ከሄዳችሁ በኋላ እየመጣች እዚህችው ነበር የምትውለው። ሲመሻሽ ደንግጣ ትነሳለች። ሽንኩርቱንማ መቼ ታስታውሰዋለች! እየሮጥኩ በአውቶቡሱ መስኮት የማቀብላት እኔ ነኝ። 'ዛሬም ረሳሽ?' ስላት፣ 'ኧረ ስጪኝ፣ ባዶ እጄን ከገባሁ ምን እለዋለሁ' ትለኛለች።"

ተቀመጥኩ። ዱካዋ አጭር ናት፤ ጉልበቴ አገጬ ሊደርስ። ባለሽንኩርቷ ሥራዋን ቀጠለች። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያወራል። እኔ ባዶው ጡብ ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ የተቀመጡት ንቦች ትዝ ብለውኝ ቀና ማለት አቃተኝ። እስከ ከሰዓት እዚያው ዋልኩ።

ሽንኩርቱን ረስቼ መጣሁ።


ሰኞ፣ ሐምሌ 7

እራቴን እያሞቅኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት። ራሷ ደውላ። ከሄደች ወዲህ ራሷ ደውላ አታውቅም። ስልኩን አንስቼ "ልጁ ምን ሆነ?" ነው ያልኩት፣ ከድንጋጤ።

"ደህና ነው። ሽንኩርት ገዛህ አሉ።"

ለካ ከባለሽንኩርቷ ጋር ይደዋወላሉ፤ "ጠፋችብን" ያለችኝ አውቃ ነው። ስልክ ቁጥሯ እዚያ የሽንኩርት ጠረጴዛ ላይ ነው የከረመው።

"ገዛሁ።"

"ረስተኸው ሄድክ አሉ።"

"ረሳሁት።"

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። በሁለታችንም ቤት ዝናብ አልነበረም። በዚህ መሀል ማለት የነበረብኝ ብዙ ነገር ነው፤ ስለ ቁልፉ፣ ስለዚያ ቀን እንባዋ፣ ሰው ፊት ስላሳቅኩባት። አንዱም ተስተካክሎ አልወጣልኝም። "ዱካዋ ታጎብጣለች" አልኳት።

"ትለመዳለች" አለች። ከዚያ "ቀፎውስ?" አለችኝ።

"አለ። በረንዳ ላይ ነው፤ አጥቤዋለሁ።"

"ሰፈፉን አልጣልከውም አይደል? ሽታው ሌላ መንጋ ይጠራል። ክረምቱ ሲወጣ።"

"አልጣልኩትም።"

አጥሩ ጥግ እመልሰዋለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ። ጡቡም እዚያው ነው፣ ክንዴም አልደከመም፤ ተነስቼ ወዲያው ላደርገው እችል ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

"የት ላድርገው?" አልኳት።

ከኋላዋ ልጁ ወለሉን ሲቆጣ ይሰማኛል።

"ላስብበት" አለች።